አምስት መቶ አሥር ሺሕ አምስት መቶ አሥራ አንድ

ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ጠዋት ካፊያ። ከሸዋ በር እስከ ትምህርት ቤት ጭቃ። መምህር ለገሠ ስለ ብቸኛ ቁጥር አስተማሩን፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል የማይካፈል። ከዚያ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13ንና 17ን አባዝተው አንድ ጨመሩበት። 510,511 ሆነ። «ለነዚህ ለማንኛቸውም ብታካፍሉት አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ብቸኛ ነው።» ቅዳሜ እንግዶች እንዲያዩት በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት።

ስለዚህ?... ለሌላውስ?

ጥቅምት ፱

ለ19 ይካፈላል። 26,869 ይደርሳል፣ ትርፍ የለውም። አባባ ነፍሳቸውን ይማርና መሪጌታ ነበሩ፤ የአጽዋማትን ስሌት ሲያስተምሩኝ ዓመቱን ለአሥራ ዘጠኝ እያካፈልኩ ትርፉን እንድይዝ ያደርጉኝ ነበር። እጄ ቀድሞ ወደሱ ሄደ። 26,869ን ደግሞ እስከ ሃምሳ ሞከርኩት። እምቢ አለ።

ጥቅምት ፲፪

ትናንት ለመምህር ለገሠ ለብቻቸው ነገርኳቸው። «የደብተራ ሒሳብሽን ከቤትሽ አታውጪው» አሉኝ። ዛሬ በእንግዶቹ ፊት «ይህን የሚያካፍል የለም» ሲሉ ተነሣሁ፣ ጠመኔውን ወሰድኩ፣ አካፈልኩት። አንዱ እንግዳ ሳቀ። መምህር ለገሠ አልሳቁም።

ጥቅምት ፲፬

ሥራው ሄደ። ከኅዳር ጀምሮ ትናንሾቹን ሴቶች ሒሳብ እንዳስተምር ቃል የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን ለክፍል ጓደኛዬ ለዓለሙ ሰጡት። ማካፈል ሲሆን ከኔ ለሚቀዳው ለዓለሙ...

«በክፍሉ ፊት ተሳስቻለሁ በይ፤ ይመለስልሻል።»

«ቁጥሩስ፣ መምህር?»

«ስለ ቁጥሩ ማን አወራ?»

እማዬ ደግሞ፦ «አንዲት ቃል ነች። ብትያት ምላስሽ ይረግፋል?»

አልላትም።

ጥቅምት ፲፰

እማዬ ምሳዬን አስቀምጣልኝ ወጣች።

ኅዳር ፲

ከፈረስ መጋላ ገበያ ጀርባ የሚኖሩት የጨርቅ ነጋዴው አቶ ኢስሓቅ ሦስት ሴት ልጆቻቸውን እንዳስተምር ቀጠሩኝ። የቅዳሜውን ነገር ሰምተዋል። አሁን ሥራ አለኝ። ትልቋ ዐይሻ ገና ሳልቀመጥ፦ «እትዬ ሰገነት፣ ያባረረዎት ቁጥር የቱ ነው?» ጻፍኩላት። 19ኙን አወጣሁ። «የቀረው 26,869 ብቸኛ ነው» አልኳት።

ኅዳር ፲፯

ዐይሻ ሳምንቱን ሙሉ ስታካፍል ሰንብታለች። ስገባ እህቶቿ ከኋላዋ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ለ97 ይካፈላል። 277 ይደርሳል። ወላሂ፣ ደጋግሜ አባዝቼዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም። ተቀምጬ አባዛሁት... ልክ ናት። አቶ ኢስሓቅ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አዋቂ ብለው ቀጥረውኝ። ይህንንም ላጣ ነው?

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ከሃምሳ በላይ አልሞከርኩም ነበር።»

«ማሻአላህ» አሉ አባትዬው። ለኔ ይሁን ለልጃቸው እንጃ። ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ትንሿ ወዲያው፦ «277ስ?»

ብቸኛ ነው ልል ነበር።

«ሞክሪው» አልኳት።