«ባዶ ሆኖ ተገኝቷል» ስለተባለው ሞገድ

ለተከበሩ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከቤቴ ሆኜ በራሴ ሬዲዮ ከሰው የምነጋገር፣ ፈቃድ ያለኝ የአማተር ሬዲዮ ሰው ነኝ። ለአጭር ርቀት ከሚያገለግሉት የቪኤችኤፍ ሞገዶች መካከል ማንም የማይሻማበትን አንዱን ከአንድ ወዳጄ ጋር እንነጋገርበታለን። «ማኅበራችን» ስላት ባለቤቴ «ሁለት ሰው ደግሞ ማኅበር ይባላል?» ትላለች። መሥሪያ ቤትዎ ግን ከሁለትም አሳንሶናል፤ ሞገዱ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ለሌላ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው ገፋኝ። አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ፤

፩. ወዳጄ ሰዓት ሠሪ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከአልጋ አይወርድም፤ አእምሮው ሙሉ ነው፣ ቃል ግን ቶሎ አይመጣለትም። በስልክ ሲሆን ልጁ ሳትቀር «አመመህ አባዬ? ደከመህ?» እያለች የጀመረውን ትጨርስለታለች። እሱ ሊል የፈለገው ሌላ ነው። ሲሰለቸው «አዎ» ይላል። በሬዲዮ ግን ተራው የደረሰው ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል፤ እስኪለቅ ሌላው ይጠብቃል። ሳይቋረጥ የሚናገርበት ቦታ ይህ ብቻ ቀርቶታል።

፪. ባለሙያዎ አንቴና በተተከለበት መኪና መጥተው ሲያዳምጡ ከመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። በዚያ ሰዓት ወዳጄ ቁልፉን ተጭኖ ቃል ይፈልግ ነበር። የሚሰማው ትንፋሹና የአልጋው ሲጥ ሲጥ ብቻ። ባለሙያዎ ጥቂት ጠበቁና ሄዱ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ወዳጄ «ወንበር» አለ፤ ወንበር ተውሶ ያስቀረበትን ጎረቤቱን ሊያማልኝ ኖሯል። ሐሜታችን በመዝገብዎ አለመግባቱ ቆጭቶኛል።

፫. ከማስታወቂያው ግርጌ «ሰው ወደሚበዛበት ሞገድ ተዛወሩ» ለሚለው አባታዊ ምክርዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሞክረነዋል። ወዳጄ ቃል ሲፈልግ ቆይቶ ቁልፉን ሲለቅ የጠበቀው «ማነው ቁልፉ ላይ የተኛው? ልቀቅ እንጂ!» የሚል ጩኸት ነው። ከዚያ ብዙ ቀን ሬዲዮውን አልነካም። እኔ በየቀኑ ስጠራው ከረምኩ።

፬. ይኼኛው ቅሬታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አሁን ዝም ሲል ትንፋሹን እሰማለሁ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ዝም ካለ፣ ቃል እየፈለገ ይሁን አይሁን፣ በምን አውቃለሁ?

ዝምታን ከባዶነት የማይለይ ውድ መሣሪያ ባለቤት ስለሆኑ እንኳን ደስ አለዎት እያልኩ፣ ይህንን ለማንበብ ለሰጡኝ፣ ወይም ላልሰጡኝ ጊዜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በባዶው ሞገድ ላይ ያልተገኘሁት ሁለተኛው ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አደባባይ ከማውጣቴ በፊት ለወዳጄ በሬዲዮ አንብቤለታለሁ። መልስ ጀምሯል፤ «ንገራቸው፣ እነዚህን…» ካለ ትንሽ ቆየ። የቀረውን ቃል እንዳገኘው እልክልዎታለሁ፤ እስከዚያው ሞገዱን አይዝጉብን። ከአጀማመሩ ግን ምርቃት አይመስልም።