ቀይ ምልክቱ የቀረበት መጽሐፍ

ለወንድሜ ለሙሉቀን ኪዳኔ፣ አዲስ አበባ

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ኑሮው፣ ያ የጨጓራ ሕመምህስ እንዴት ይዞሃል? ርብቃ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ከዚህ ሌላ ደህና ነገር ፈልጌ አጣሁልህ፤ ስለዚህ ወደ ንዴቴ ልግባ።

ከአባባ የእጅ ጽሑፍ ያሳተምከው የማኅሌት መጽሐፍ ደርሶናል። ሁለቱን ካርቶን ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በሚኒባስ አስጭኜ ገሳይ ስደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ሽፋኑን በመዳፋቸው ደባበሱና የልጄ ሥራ ነው እያሉ አለቀሱ። እኔም ገልጬ አየሁት። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ጉልህ፣ ስምህም በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ ከፊደሉ በላይ ግን ባዶ ነው። አባባ በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ከመምህራቸው ሥር ተቀምጠው በቀይ ቀለም ያሰፈሩት ምልክት፣ ከበሮው የሚመታበት፣ ጸናጽሉ የሚነሣበት፣ መቋሚያው የሚወዛወዝበት፣ አንዱም የለም። ቃሉንማ ማን አጣው?

ስደውልልህ ምን አልከኝ? የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ምልክቱን ኮምፒውተሯ ላይ አጣችው፣ ዋናው ቃሉ ነው፣ ተረጋጊ አልከኝ። እንዴት አድርጌ ልረጋጋ? እሷስ አታውቅም፤ አንተ የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ምን ነክቶህ ነው አይተህ ይታተም ያልከው? የእጅ ጽሑፉስ የታለ ብልህ፣ ማተሚያ ቤቱ ዕቃ ሲያዛውር የት እንደገባ እየተፈለገ ነው አልከኝ። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ይፈለጋል!

ምልክቱ ያለበት ሌላ እትም ባገኝ ብዬ ደብረ ታቦር ያሉትን የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች አንድ በአንድ አዳረስኩ። የሚያወጡልኝ ሁሉ ቃሉን ብቻ የያዘ ነው። አንበሳሜ አንድ ቄስ ዘንድ አለ ቢሉኝ እዚያም ሄድኩ። ምልክትስ አለው፤ ግን የከበሮው አመታት ከእኛ ይለያል።

የባሰው ገና ነው። የአባባ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ተማሪዎቹን ሲያስተምሩ ምልክቱን የማነብላቸው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ዕድሜው መርሳትም አምጥቶባቸዋል። ከልጄ መጽሐፍ አንብቢልኝ ሲሉኝ ደስታቸውን ማጥፋት ፈራሁና የማስታውሰውን ያህል ያነበብኩ አስመስዬ ነገርኳቸው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ደቀ መዝሙራቸው ዲያቆን መልካሙ ከበሮውን ያለቦታው መታና ማኅሌቱ ተበተነ። ያጠናው እኔ እንዳልኩት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከእኔም በፊት የአንተ። አባባ ግን በሰው ፊት ቆመው፣ አርጅቼ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ሌላ መምህር ፈልጉ አሉ። አርባ ዓመት ያስተማሩበትን ወንበር እንዲህ ለቀቁት። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ራሴን ጠላሁት፤ አንተንም ጠላሁህ።

አሁን ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል አዲሱ መምህር ወንበሩን ሲረከብ፣ አባባ ያንተን መጽሐፍ በሕዝብ ፊት ሊሰጡት ተዘጋጅተዋል። የማውቀው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ ብለው ሊናገሩ ነው። ለዚያ ቀን ጋቢያቸውን እንዳጥብላቸው አዘውኛል። መምህሩ ገልጦ ባዶውን ሲያይ የት ልግባ? ከዚያ በፊት የእጅ ጽሑፉን አግኝተህ፣ ራስህ ይዘኸው ና። ካጣኸውም ባዶ እጅህን ና፤ በገዛ አፍህ ንገራቸው። እኔ ከእንግዲህ ባዶ ገጽ አላነብላቸውም።

ርብቃን ናፍቀሽኛል በልልኝ። ማስተዋልንና አዲስዓለምን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እማማ እቴነሽ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ ተሽሏቸዋል፤ ሰላም ብለውሃል። አባባም ስሜን በወርቅ ያስጠራልኝን ልጄን ባርኬዋለሁ በይው ብለውኛል፤ የተላክሁትን አድርሻለሁ። የራሴን ሰላምታ ግን አልላክሁልህም፤ መጥተህ ውሰድ።

እኅትህ ዓይናለም ኪዳኔ
ገሳይ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.