የሰብሳቢው ጃኬት

ለክቡር አቶ አበባው
የካርቲየ 5 ሰፈር የቤተሰብ ፊልም ምሽት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዘንድሮው ሙቀት ጤናዎን ሳይነካ፣ እንቅልፍዎንም ሳይቀንስ እንዲያልፍልዎ ከልብ እመኛለሁ። እዚህ አርሂባ ሰፈር፣ በእኛ ቤት፣ እንቅልፍ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በአደባባይ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

በቅድሚያ ላመስግንዎ። ባለፈው ያሳዩንን ፊልም በር ላይ «ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ» ብለው ስለለጠፉበት፣ ደውዬ ስጠይቅዎም ምንም ነውር እንደሌለበት ስላረጋገጡልኝ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷን ልጄን ኤሌኒን ያለ ሥጋት ይዣት መጣሁ። በፊልሙ ውስጥ ባልና ሚስቱ ሊሳሳሙ ሲሉ እርስዎ ከመቀመጫዎ ዘለው ተነሥተው በፕሮጀክተሩ ፊት ጃኬትዎን ሲዘረጉም በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ሙቀት ጃኬት ለብሰው መምጣትዎ ሲያስገርመኝ ነበር፤ ለካስ ለሥራ ኖሯል! እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፣ ሽፍቶቹ የከባድ መኪናውን ሹፌር ከጋቢናው ጎትተው አውርደው፣ ለትንሿ ልጁ ደውለው ጩኸቱን እያሰሙ ሲገድሉት፣ ያ ጃኬት ወዴት ሄዶ ነበር? አዳራሹን የሞሉት የሹፌር ልጆች መሆናቸውን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የኤሌኒ አባት አለምሰገድም ከወደብ እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው።

ሁለተኛ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ፣ ፊልም ውሸት መሆኑን ለልጄ እንዳስረዳት መከሩኝ። ስለ ምክርዎ እግዜር ይስጥልኝ። መግደሉ ውሸት ከሆነ መሳሙስ እውነት ነበር?

ሦስተኛ፣ ልጄ ትናንት የአባቷን የመኪና ቁልፍ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ደበቀችው። ሲገኝባት ሄዳ ጎማው ሥር ተቀመጠች። አባቷ አባብሎ አስነሥቷት፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሄደ። ይህን ስጽፍ ስልኩ አይሰራም። በዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ እኔ አውቃለሁ፤ ኤሌኒ ግን የምታውቀው እርስዎ ያሳዩዋትን ብቻ ስለሆነ፣ ስልኬን ታቅፋ በር ላይ ተቀምጣለች፤ እህልም አልቀመሰችም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። አልደብቅዎትም፣ እሷን ሳይ እኔም መፍራት ጀምሬአለሁ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ስለዚህ የምለምንዎ ጥቂት ነው፤ ከዕድሜው ቁጥር አጠገብ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ይጻፉልን። ለልጆቻችን የሚሆነውን እኛው እንመርጣለን።

ለከንፈር ያሳዩትን ጥንቃቄ ለነፍስም እንዳይነፍጉ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣

የጃኬትዎ አድናቂ
ወ/ሮ ትሁን
ከአርሂባ

ሳልረሳው፦ የኤሌኒ እኩያ የሆነችው ልጅዎ ስርጉት ዛሬ ጠዋት ልትጠይቃት መጥታ ነበር፤ እንደ አባቷ ሳይሆን ደግ ልጅ ናት። ያን ዕለት ከአዳራሹ ለምን እንደቀረች ብጠይቃት፣ አባቷ ፊልሙን አስቀድሞ አይቶት «ለአንቺ አይሆንም» ብሎ እንዳስቀራት ነገረችኝ። ለካስ መመዘኑን ያውቁበታል።