ከብሳና ቅጠል ውስጥ ሻጋታ ያወጡት የዶክተር ውበቱ ሙላት የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ውበቱ ከአባታቸው ከአቶ ሙላት ዋለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋሲካ ሽታው፣ በአምባሰል ከግሸን ተራራ ግርጌ ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ዳዊት ደገሙ፤ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሐይቅ ከተማ ጀምረው በባዮሎጂ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ደረሱ። በ1985 ዓ.ም. ወይዘሮ ተሾመችን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ሔለንን ወለዱ።

ደሴ እያስተማሩ፣ ቁስል ያድናል የሚባለውን የብሳና ቅጠል ይመረምሩ ጀመር። ሰባት ዓመት ሙሉ አድርቀው፣ ፈጭተው ሞከሩ፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ቁስል በማከም የታወቁት ጎረቤታቸው እማማ ሀጀራ ይህን ሲሰሙ፣ «ያ ረቢ! በርበሬ መሰለህ እንዴ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው? እርጥቡን ቀጥቅጠን ነው እንጂ የምናስረው!» ብለው ሳቁባቸው።

በማግስቱ ዶክተሩ እርጥብ ቅጠል ቆርጠው ላዩን በበረኪና አጸዱና በብርጭቆ ሳህን አስቀመጡት። በአሥረኛው ቀን ከቅጠሉ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ብቅ አለ። ለካ ተዋሲያን የሚገድለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው በቅጠሉ ውስጥ የሚኖረው ይህ ሻጋታ ኖሯል፤ ማድረቁ ሲገድለው ከርሟል። ዶክተሩ በጥናታቸው ላይ «ሰባት ዓመት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ፤ የእማማ ሀጀራንም ስም ከራሳቸው አስቀደሙ። ዘመድ «ይህን ሁሉ ተምሮ ሻጋታ ያረባል» እያለ ሲያሾፍባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በስኳር ሕመም ሳቢያ እግራቸው ቆሰለ። ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ቢታዘዝም ቁስሉ አልበገር አለ። የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነችው ሔለን ከቁስላቸው ተዋሲያን ወስዳ በሳህን አራባችና የሻጋታውን ፈሳሽ ጨመረችባቸው፤ ሳህኑ ላይ ሲሞቱ በዓይኗ አየች። «አባዬ፣ በሞቴ ልቀባልዎት» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ለአይጥ እንኳ ያልሞከርኩትን?» አሏት። «እኔ ብድን አገሩ ሁሉ ሳይመረመር ይቀባዋል። መርዝ ቢሆንስ?» ግትር ነበሩ፤ ሔለንም በንዴት ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም።

ከዚያ ራሳቸውን ሳቱ። የፈሳሹ ጠርሙስ ያለበት ማቀዝቀዣ ቁልፍ በእሷ እጅ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ሁለት እህቶቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ይህን የጻፈችው ሔለን ናት። ዛሬም አልተስማማቻቸውም። ጠርሙሱን ግን አልከፈተችውም፤ እንዳዘዟት ለምርመራ ታስረክበዋለች። እግዚአብሔር የአባቷን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ እሷንም ይቅር ይበላት።