ባለቤቴን አርባ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስላስቀመጡልኝ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የመቀመጫ ድልደላ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ወገብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ቶርላይፍ ሃውግላንድ የተባልኩ ጡረተኛ የጀልባ ጠጋኝ ስሆን፣ ባለፈው ወር ከኦስሎ እስከ ባንኮክ አሥራ አንድ ሰዓት ስላበረሩን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

ባለቤቴ ቦርግሂልድ የመርሳት በሽታ ይዟታል። ባንኮክ የምትኖረውን ልጃችንን፣ ስሟ ሳይጠፋባት አንድ ጊዜ ትያት ብዬ ነበር የጉዞው ነገር። ይህንኑ ሕመሟን ቲኬት ስቆርጥ በጽሑፍ አስታውቄ፣ «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ደርሶኛል። ስለሆነም፦

1. እኔን አሥራ አራተኛ፣ እሷን አርባ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ስላስቀመጡን እጅግ አመሰግናለሁ። አርባ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው መተንፈሻ እንደሚያሻው ማን ነገረዎት?

2. አስተናጋጅዎ፣ «አባባ፣ የመደበው ኮምፒውተሩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ይልቅ ቀበቶዎን ይሰሩ» ስላለችኝ አመሰግናለሁ።

3. ቦርግሂልድ ጠዋት ቆርጬ፣ ቡናማ አይብ አድርጌ፣ በየመሃሉ ወረቀት እያስገባሁ ከጠቀለልኩላት ዳቦ በቀር እህል አትቀምስም። ዳቦዋን ይዤ ስሄድ፣ ምግብ እየታደለ ነው ተብዬ ከመጋረጃው ተመለስኩ። የእርስዎን ፓስታ አልነካችውም።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። እኛ ኖርዌጂያኖች ጎረቤታችንን የምናናግረው ቤቱ ሲቃጠል ነው፤ ያውም እሳት መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ። ከጎኗ ያለውን መንገደኛ ወንበር እንቀያየር ለማለት ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ። ሰውየው ቦዶ ከሚባለው የወደብ ከተማችን የመጣ ዓሣ አጥማጅ ኖሯል፣ ብድግ አለና፣ «ምነው አባቴ! ከተነሣን ጀምሮ ‹ባሌ የት ሄደ?› ስትል እየሰማሁ፣ በሰው ጉዳይ አልገባም ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ሁለታችንም አፈርን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ነቅዞ ተገኘ። እርስዎም ይህን ጠባያችንን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ አቤት የማይል መንገደኛ እንደ ሻንጣ የትም ቢጣል ግድ የለውም ብለው ነው የለያዩን።

አጠገቧ ስቀመጥ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ወንበሩ የባሌ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለችኝ። የቀሩትን አራት ሰዓታት እሷ ቦታዬን ስትጠብቅልኝ፣ እኔ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክቡር ሆይ፣ አለቀስኩ።

ስንደርስ ልጃችንን በስሟ ጠርታ አቀፈቻት፤ ይህን ስላልከለከሉን ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ቀጥላም፣ «ሲነቨ፣ አባትሽ እኮ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀረ» አለቻት። እኔ ሻንጣዎቹን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከባለቤትዎም አንዲት ረድፍ ሳይርቁ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት፣

ቶርላይፍ ሃውግላንድ
ከሃውገሱንድ

ማስታወሻ፦ «ጉዞዎ እንዴት ነበር?» የሚለው መጠይቅዎ ደርሶን ለቦርግሂልድ አነበብኩላት። «የምን ጉዞ?» አለችኝ። በአገልግሎትዎ ቅር ያላላት አንዲት መንገደኛ ስለተገኘችልዎ እንኳን ደስ አለዎት።