በናሙና ቤቱ ላይ ስለተሰቀለው መብራትና ስላልደገስነው ሰርግ

ለተከበሩ አቶ ሽመክት
የሰፈራችን የደጃፍና የጓሮ መብራት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በጥሩ የምግብ ፍላጎትና ብልጭ ድርግም በማይል ብርሃን ሥር አረፍ ብለው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ልጄ ኢቲዳል አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዶሮዎቻችንም በሕይወት አሉ፤ ሌሊቱ ቀን ስለመሰላቸው ግን መተኛት የሚባለውን ነገር ትተውታል። አውራው ዶሮም መቼ መጮህ እንዳለበት ግራ ስለገባው፣ ለጥንቃቄ ያህል ሁልጊዜ ይጮኻል።

ጉዳዬን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ የተገደድኩት የኮሚቴዎ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ከመብራቶቹ ሁሉ ርቆ ጨለማ ውስጥ ስለተሰቀለ፣ ደጋግሜ ብዳብስም ቀዳዳውን ላገኘው ስላልቻልኩ ነው። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ነዕማ አብዱልቃድር እባላለሁ። ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ቤቴ ከሆሞሻ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚያየው የማዕዘን ቤት ነው። በዚህም ምክንያት ከቤቶች ሁሉ መርጠው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ «ናሙና ቤት» የሚል ማዕረግ ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ነፍሳቸውን ይማርና በሕይወት ዘመናቸው ምንም ማዕረግ አላገኙም ነበር፤ ቤታቸው ግን ይኸው አገኘ።

ከምስጋናዬ ጋር የተደባለቁትን ጥቂት ቅሬታዎች በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ መረጣው። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ አንድ ነጭ መብራት ለበሩ፣ ሌላ ነጭ መብራት ወደ መጸዳጃ ቤቱ ለሚወስደው መንገድ፣ ሁለቱም በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ፣ ፓኔላቸው ከአምፖሉ ተነጥሎ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ዓይነት ቢሆኑ በቂ ነው ብዬ ነበር። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ ጉዳዩ የማየት ሳይሆን የመታየት ጉዳይ መሆኑን አስረድተው፣ ከካታሎጉ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ስሙን የማላውቀው ቀለም እየተፈራረቀ የሚበራውን፣ ስምንት ዓይነት አበራር ያለውን የሽቦ መብራት መረጡልን። ውበቱን አልክድም። ቀዩ ሲበራ የረገጥኩትን አየዋለሁ፣ አረንጓዴው ሲበራ አላየውም፣ በሐምራዊው ደግሞ የረገጥኩት ነገር እኔን ያየኛል። በእርስዎ መልካም ፈቃድ የሰፈሩ እባቦች ከእንግዲህ በሰላም ይመላለሳሉ።

፪ኛ. ስለ ማንጎው። በካታሎጉ ፎቶ ላይ መሬት የሚተከሉት ትንንሽ መብራቶች ዛፍ ሥር ስለቆሙ፣ የሽቦው መብራት ከመሰቀሉ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለኮሚቴው መብራት የሚሰቅለው ሰራዊት የሚባለው ልጅ የእኔን ሁሉ ማንጎው ሥር እንዲተክላቸው አዘዙ። ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ አልከሰውም። የፎቶው ዛፍ ግን ቅጠል የሌለው የውጭ አገር ዛፍ ነበር፤ የእኛ ማንጎ ጥላው ሥር እንኳን ለመብራት ለሰውም ፀሐይ አያሳልፍም። ይህንን አቤት ስል፣ መብራቶቹን በየማለዳው ነቅዬ ፀሐይ ላይ እንዳውል፣ ማታ ማታ መልሼ እንድተክል መከሩኝ። እነሆ ከበርበሬው ጎን አሰጣቸዋለሁ። በርበሬው በሦስተኛው ቀን ደረቀልኝና አነሳሁት፤ መብራቶቹ ግን ዕድሜ ልክ ፀሐይ ላይ የሚሰጡ ናቸው።

፫ኛ. ስለ ሰርጉ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ይህን ላያውቁ ይችላሉ፤ በእኛ ሰፈር ግን አንድ ቤት ላይ ባለቀለም መብራት ተሰቅሎ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰርግ አለ ማለት ነው። ሌሎቹ ቤቶች ገና ሳይሰቀልላቸው፣ የእኔ ብቻ በስምንት ዓይነት ስልት እየተወዛወዘ ሲበራ የሆነውን ልንገርዎ።

ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ስመለስ ከሩቅ ደማቅ መብራት አየሁ፣ እልልታም ሰማሁ። የሰው ደስታ ደስታዬ ነውና እኔም ከባጃጁ ሳልወርድ እልልታዬን አቀለጥኩት። ቤቱ የራሴ መሆኑን ያወቅሁት እልልታዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል። ጎረቤቴ ዓኢሻ በትሪ ስኳር ተሸክማ፣ «ወላሂ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?» ብላ ተቀየመችኝ፤ ተቀይማም እያለ ከበሮ ትመታ ነበር። ከመንጌ ወርቅ ሽጠው የሚመለሱ የማላውቃቸው ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈዋል። ኢቲዳል ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ እንደጠቀለለች በሩ ላይ ስለቆመች፣ ፎጣውን የሙሽራ ሻሽ ነው ብለው ሽቶ ረጩባት።

ሰርግ የለም አልኩ። «የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብላ ነው» ተባባሉ። እኔ በካድኩ ቁጥር እነሱ የበለጠ አመኑ፤ በቁርኣን ልማል ስል ደግሞ፣ ይህን ያህል ከደበቀችውማ ሙሽራው ትልቅ ሰው ነው አሉ። ቤቱ የመጣን ሰው ሳያበላ የሚሸኝ የእኔ ዘር ስላልሆነ፣ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰና፣ ያንኑ ከመብራቶችዎ ጎን የደረቀውን በርበሬ ይዤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የማሽላ ገንፎና ባሚያ የቀረበበት፣ ሙሽሪት ሳህን ያጠበችበት ሰርግ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

መብራቱን ለምን አላጠፋሽውም ይሉኝ ይሆናል። ማጥፊያው ከፓኔሉ ጀርባ በፕላስተር ታሽጓል፤ ናሙና አይነካም ተብሎ። በማግስቱ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ወጣሁ፣ ሆኖም ጎብኚዎች ስለሚመጡ ተብሎ በትእዛዝዎ እኩለ ቀን ላይ ተገለጠ። ስለዚህ በሁለተኛውም ምሽት በራ። ትውልዳቸው መተከል የሆነው ደጉ ጎረቤታችን አቶ ጌትነት፣ ለሰርጉ ባለመድረሳቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ለመልሱ ቤተሰባቸውን ይዘው ከች አሉ።

፬ኛ. ስለ ማስታወቂያው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳመለክት፣ ሰርግ የሚለው ነገር በመመሪያው ስላልተጠቀሰ ኮሚቴውን እንደማይመለከት ነግረውኝ፣ በደግነትዎ ግን «በዚህ ቤት ሰርግ የለም» የሚል ሰሌዳ በራስዎ ወጪ አሠርተው ላኩልኝ። ውለታዎን አልረሳም። ሰሌዳው በወርቃማ ቀለም፣ ዙሪያውን በጽጌረዳ አበባ ተከቦ፣ በመብራት ታጅቦ በሬ ላይ ተሰቀለ። ከመንገድ ሲታይ ጽሑፉ አይነበብም፣ አበባው ግን ይታያል። የሙሽሮቹ ስም ነው ብለው አጠገቡ ቆመው ፎቶ የተነሡት ብዙዎች ናቸው።

፭ኛ. ስለ አይመን። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በሳቅ ላልፈው እችል ነበር። ነገር ግን ልጄ ኢቲዳል የታጨች ናት። እጮኛዋ አይመን ሆሞሻ ነው ያለው፣ አባቱ ሐጂ ኻሚስ ይባላሉ፣ ሰርጉም ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን በሁለት ቤተሰብ ቃል ታስሯል። በመጀመሪያው ምሽት በቤቴ በኩል ያለፈ መኪና ወሬውን ከእህል ጆንያ ጋር ጭኖ ሆሞሻ አራገፈው። ሐጂ ኻሚስ በማግስቱ እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የልጅሽ ሰርግ ብርሃኑ እዚህ ድረስ መጣ፤ ለእኛ ግን ጥሪ አልመጣም።» ስልካቸውንም ዘጉ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ወሬው ግን ራሱ መብራት ይዞ ሲመጣ መላ ለመጨመር ቦታ የለውም።

በሦስተኛው ምሽት አይመን፣ እጮኛውን ማን እንደነጠቀው በዓይኑ ሊያይ በሞተር ብስክሌት ገሰገሰ። ከመስጊድ ቀጥታ ስለመጣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ነበር። በናሙናው መብራት ሥር ብቻውን፣ በነጭ ልብስ፣ ፊቱን ቋጥሮ በሩ ላይ ሲቆም የሰፈራችን ጎረምሶች ምን ያስቡ? «ሙሽራው መጣ!» ብለው ከሞተሩ ላይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። አውርዱኝ አለ፣ ከፍ አደረጉት። «ሙሽራው ማነው?» ብሎ ጮኸ፣ በሳቅ አለቀሱ፤ እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ሙሽራ አይተው አያውቁም። ግቢውን አዙረውት አዙረውት ኢቲዳል ጎን አስቀመጡት። ልጄ ነገሩን ነገረችው። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ይስቁ ጀመር፣ እኔም የምስቅበትንና የማለቅስበትን መለየት አቃተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ለዚህም እውነተኛ ምስጋናዬን ይቀበሉ።

ሆኖም አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ኖሮ፣ ልጁ ወደ ሆሞሻ ሳይመለስ ምስሉ ቀድሞት ደረሰ። ሐጂ ኻሚስ የገዛ ልጃቸውን በሰው ትከሻ ላይ፣ በስምንት ዓይነት ብርሃን ውስጥ አዩት። አሁን ቅሬታቸው ለልጄ የታጨችው ለሌላ ተዳረች የሚል ሳይሆን፣ የገዛ ልጄ ያለ እኔ አገባ የሚል ነው። «ሰርጉን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ሰርግ አልደግስም» ብለዋል አሉ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህች ላይ አልቀልድም። ኢቲዳል ያለ ሐጂ ኻሚስ ምርቃት አላገባም ብላ ቁርጥ አድርጋለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ «ልጄ» የሚለኝ ሌላ አባት አገኘሁ ብላ ከሙሽርነቷ ይልቅ በዚህ ነበር የምትደሰተው። አሁን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ለሌሎች ሙሽሮች ጨርቅ ስትቆርጥ አያታለሁ። አባቷ ቢኖሩ እሳቸው ሆሞሻ ሄደው ባስረዱ ነበር። እኔ ሴት ነኝና ብሄድ ለማባበል መጣች እባላለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቅዎ፣ በዚህ ዓርብ ከሶላት በኋላ እርስዎ ራስዎ ሽማግሌ ሆነው ሆሞሻ እንዲሄዱልኝ ነው። የሽቦውን መብራት ከነፓኔሉ በከረጢት ይያዙት፣ ካታሎጉን አይርሱ። በሐጂ ኻሚስ ፊት መብራቱን አውጥተው ስምንቱንም አበራር አንድ በአንድ ያሳዩአቸው፤ አረንጓዴው ላይ ሲደርሱ መሳቅ ይጀምራሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያም «ይህን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቤት ሰርግ አልነበረም» ይበሏቸው። በመመሪያው ስላልተጠቀሰ የሚለውን ግን እባክዎ እዚያ አይናገሩት፤ ሐጂው አዛውንት ቢሆኑም ምርኩዝ ይይዛሉ። ሲመለሱም ለሰፈሩ ሰው ደጃፉንና መንገዱን የሚያሳየውን ያንን ተራውን ነጭ መብራት ይምረጡልን። መብራት የሚመረጠው በሚያበራው ነገር እንጂ በሚያወራው አይደለምና።

በዚህ ሁሉ መሃል የሰፈሩን ሰው ያለ ጥሪ አንድ ማዕድ ላይ ስላሰበሰቡልን፣ ሳንደግስ ስላስደገሱን፣ ሳንድር ስለዳሩልን፣ ዶሮዎቼን ከእንቅልፍ ባርነት ነፃ ስላወጡልኝ፣ ውለታዎን ቆጥሬ የማልጨርስ፣ ብርሃንዎ እስኪነጋ የማይጠፋልኝ፣

ታማኝ ናሙናዎ
ነዕማ አብዱልቃድር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትናንት ምሽት በእርስዎ ደጃፍ ሳልፍ መብራቱ ተሰቅሎ፣ ግቢው በቀለም ሲጨፍር አየሁና ደስ አለኝ። ባለቤትዎ ወይዘሮ በለጡ ግን ማንቡክ ቤተሰቦቻቸው ጋ እንደሰነበቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ማለዳ ደውለውልኝ፣ ሽመክት ማንን ነው ያገባው ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ እሳቸው ግን ሦስት ወንድሞቻቸውን አስከትለው መንገድ ጀምረዋል። አይጨነቁ፤ እርስዎ ከሆሞሻ በሰላም እንደተመለሱ እኔም ወደ ቤትዎ ጎራ ብዬ አስረዳልዎታለሁ።