ያቀናሁት ነጠላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፶፱ ዓ.ም.

አንዱንም አልሳቱ! ከሰዓት በኋላ የማስተምራቸው ሴቶች የልብስ ቃላቱን በሙሉ በቃላቸው ወጡት። መቀነት ይታጠቃል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ባርኔጣ ይደፋል። ግማሾቹ ቤታቸው ጌዴኦኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ብሆን እንዲህ ቶሎ የምይዝ አይመስለኝም። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አያርፍም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ብቻ። ከጪጩ በእግሯ የምትመጣው ድንቅነሽ፣ የነጠላዋን ጥለት አንገቷ ላይ አድርጋ ገባች። «ቃሉን ይዘሽ አለባበሱን ረሳሽው» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ገልብጬ አቀናሁላት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፯

ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዘምዘም፣ እሷም ተማሪዬ ናት፣ ጠዋት መጣች። የድንቅነሽ እናት እሑድ ተቀብራለች። ትላንት የመጣችው ጥቂት ቀን እንደምትቀር ልትነግረኝ ኖሯል።

«ሐዘን ላይ ነጠላ ይዘቀዘቃል ብለሽ ያስጻፍሽን አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ ዘምዘም።

እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት፣ በገዛ ጠመኔዬ። አማርኛው እንዳያንቃት፣ ሳትናገር እንዲገባኝ ብላ በነጠላዋ ነገረችኝ። እኔ ግን ሐዘኗን በእጄ ገለበጥኩት፤ አስቄባትም ላክኋት።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰

አልሄድኩም። ሰበብ አላጣሁም፦ ጭቃው፣ ጉልበቴ፣ የቤት ሥራ ማረሙ። ውሸት ነው። የፈራሁት ፊቷን ነው። ትምህርቱን ብትተወውስ? ፊደል ለመቁጠር ባሏን ዓመት ሙሉ ለምና ነው የመጣችው።

ዓርብ፣ ኅዳር ፱

ጪጩ ደርሼ መጣሁ። ጥለቱን አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር የወጣሁት፤ ዳገቱ ላይ ነጠላዬ ተንሸራቶ መጣመሙን ልብ አላልኩም። ድንቅነሽ ስታየኝ ሰሌኑ ላይ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ!

እጇን ዘርግታ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። ጥለቱን ቀስ ብላ ወደ አንገቴ መለሰችው።

«እንዲህ ነው ያሉን፣ እትዬ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ያያል። የሳቀ የለም።

ማክሰኞ ትመጣ እንደሆን አልጠየቅኋትም። ቤቴ ከገባሁ ቆየሁ፤ ነጠላዬን ግን እስካሁን አላዞርኩትም።